የማግስት መንገደኛ

ደሴ መናኸሪያ፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ፣
ሃያ ዓመት ትኬት ቆረጥሁ፣ የጦሳን ጉም ሳይ።
በዓል መቃረቡን ከበሮ አይነግረኝም፤
ሰልፉን አያለሁ እንጂ ቀን መቁጠሪያ የለኝም።

መስከረም አጋማሽ ግሸን ባዩ ሲበዛ፣
በጊዜ ያልቆረጠ ጸጸት ነው የሚገዛ፤
ሃያ ላይ ከመጣህ፣ እንኳንስ ወንበሩ፣
ሞልቷል የሞተሩ ክዳኑና በሩ።
ገና ላሊበላ? አልጋ ቀድመህ ያዝ፣
ወይ ብርድ ልብስ ሸክፈህ ደጅ ለማደር ተጓዝ።
ለዓረፋ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ወልዲያ ሲጫን፣
በጉ ጣራ ላይ ሆኖ ይታዘበናል እኛን።
መውሊድን ጀማ ንጉሥ የሚል ቢቸኩልብኝ፣
"ቀኗን የያዘችው ጨረቃ ናት፤ እሷን ጠይቅልኝ።"

እኔ?
እኔ በበዓል ለት ሄጄ አላውቅም የትም።
ሸኚ መሆን ዕጣዬ ነው፤ ሸኚ ሸኚ የለውም።
ተንታ ነው አገሬ። እናቴ ዘሙ ናት።
በማግስቱ፣ በባዶው መኪና፣ ስደርስባት፣
በጎረቤት ፋሲካ፣ በኛም በዓረፋ፣
ድርሻዬ በቅጠል ታስሮ ከጓዳ ሳይጠፋ፣
"ትናንት ሰው በላ እንጂ በዓሉ ዛሬ ነው" ትል ነበር።
አምና በሐምሌ ሞተች። ማግስቴም ገባ ከአፈር።

በነሐሴ አሥር ለት፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
ፉሚዬ መጣች፣ ጃንጥላዋን ታቅፋ።
ኮምቦልቻ ነው ያለችው፣ ከጨርቅ ፋብሪካው፤
የታመመ ማሽን እሷን ነው የሚሰማው።
"ሐይቅ፣ አንድ ሰው" አለች። "ሰልፉስ የት ሄደ?" አለች።
"የምን ሰልፍ?" ብላት፣ ሳቋ አመለጣት፤ ቀጠለች፦

"በኛ አገር ይኼኔ ባቡር አይነካም፤
ሰው ቆሞ ነው የሚሄድ፣ ለሻንጣ ቦታ የለም።
ኦቦን ነው፤ ሙታን ወደ ቤት ይገባሉ፣
ሕያዋን ሊቀበሉ ከከተማ ነቅለው ይጎርፋሉ።
ሰንብተው፣ ሰንብተው፣ ዛሬ ማታ መሸኛ ነው፣
በፋኖስ፣ በውኃ ላይ። ቅርቤ ያለው ውኃ የናንተ ነው።"

"መሸኛ" ስትል ነው ጆሮዬ የቆመው፤
እንጀራዬ እኮ ነው። ለሟች የሚሆን ትኬት ግን ማን አተመው?

"እኔስ አገርሽን ላይ ብል፣ መቼ ልሂድ?" አልኋት፣
ወደማውቀው ነገር፣ ወደ ዋጋ ስመልሳት።
በጣቷ ቆጠረች፦ "ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል አትምጣ፤
ወርቃማው ሳምንት ነው፣ ሁሉም ከቤቱ የሚወጣ።
ታኅሣሥ ሃያ ሁለትም፣ የኛ ዓመት ሲለወጥ፣
ሱቅ ተዘግቶ ታገኛለህ፣ ሰው ቤቱ ሲቀመጥ።
የቼሪ አበባ ካልህማ፣ ቀን አይቆረጥለትም፤
እንደ ጨረቃችሁ ነው፣ ራሱ ሳይፈልግ አይወጣም።
ከሁሉም ይሻላል የበዓል ማግስቱ፤
ዋጋው ይወርዳል፣ ባዶ ነው ባቡሩም፣ የእንግዳ ቤቱ።
ግን..." ብላ ዝም አለች። "ግን ማንም አይጠብቅህም።"

እኔን ትጠብቀኝ ነበር። ይህን አልነገርኋትም።

መስኮቴን ዘጋሁት፣ በሃያ ዓመት አንዴ፤
ሰልፍ በሌለው በዓል ተሰበረ ልማዴ።

ሐይቅ ዳር ስንደርስ ወረቀቷ ርሶ ተቀደደ።
ዓሣ አጥማጁ ኑርዬ "መረቤን!" እያለ ተናደደ።
ከኪሴ አወጣሁ ያልተሸጠ የትኬት ጥራዝ፤
አጣጥፋ ሳጥን አረገችው፣ ሻማ የሚይዝ።
ጻፍሁበት፦ "ሐይቅ - ተንታ። ዘሙ አሊ። ወንበር አንድ።"
ከሹፌሩ ጎን ናት፣ እንዳያደክማት መንገድ።

ዝናቡ ቆም አለ። ሻማው ዘመም፣ ቀና እያለ፣
በእስጢፋኖስ በኩል ጨለማው ላይ ዋለለ።
ኑርዬ መረቡን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀለት።
"ቀን" የሚለውን መሥመር
ባዶ ነው የተውሁት።